የማይበሰብሰው ቆሻሻ



መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ረጲ፣ ሁላችን «ቆሼ» በምንለው ስፍራ፣ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። አገር ሐዘን ተቀመጠ። ያ ሞት በአንድ ምሽት ስለደረሰ አየነው፣ አለቀስንለትም። ዛሬ የማነሣው ግን ከዚሁ ዓይነት ክምር ሥር በየቀኑ እየሰረገ ስለሚወጣው፣ ድምፅ ስለሌለው ጉዳት ነው።

ቆሼ ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የከተማዋን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። ሲጀመር ፍሳሹን የሚያግድ ንጣፍ ከሥሩ አልተነጠፈለትም። የሽንኩርት ልጣጩ፣ ፍርፋሪው፣ የጫት ገረባው ጊዜ ቢፈጅም በስብሶ አፈር ይሆናል። ሊድ ወይም እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ክሮሚየም የተባሉት ከባድ ብረታት ግን አይበሰብሱም፤ እሳትም አያጠፋቸውም። ቦታ ይቀይራሉ እንጂ ከምድር አይወገዱም።

አንዲት ያለቀች የባትሪ ድንጋይ እንከተል። ከቤታችን ከትርፍራፊ ምግብ ጋር በአንድ ፌስታል ታስራ ትወጣለች። ክምሩ ውስጥ ምግቡ ሲበሰብስ አሲድነት ያለው ውኃ ያወጣል፤ ቆርቆሮዋ በዚያ ውኃ ይበላል፤ በውስጧ ያለው ብረትም እየሟሟ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያንን ጥቁር ፍሳሽ ወደ አፈሩ፣ ወደ ጅረቱና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይገፋዋል።

በአዲስ አበባ የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝም ከፋብሪካም ከመንደርም የሚለቀቅ ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። በዳርቻው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። በወንዙ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሊድና ካድሚየም አግኝተዋል። እናቶቻችን ጎመኑን ደጋግመው ያጥባሉ፤ ደግም ያደርጋሉ፤ ማጠብ የቅጠሉን አቧራ ያነሣል። በሥሩ የመጠጠውን ግን አያወጣም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የዓለም ጤና ድርጅት ለሊድ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደማይታወቅ አስታውቋል። ሕፃናት ወደ አፋቸው ከገባው ሊድ የሚመጥጡት ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል፤ አይረንና ካልሲየም ያነሰው የተራበ ሕፃን ደግሞ ይብሳል። ጉዳቱ አንጎል ላይ ነው፤ ትምህርት አልገባው ሲል «ሰነፍ» የምንለው ልጅ ምናልባት የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ሊድ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማችና እናት ስትፀንስ ወደ ደሟ ተመልሶ ለፅንሱ ይደርሳል። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት የሚጎዱት በባዶ እጃቸው ክምሩን እየበረበሩ የሚያድሩ ወገኖቻችን ናቸው። መዳብ ለማውጣት የኤሌክትሪክ ገመድ ሲያቃጥሉ ጭሱ በትንፋሻቸው ወደ ሳንባቸው፣ አቧራው በልብሳቸው ወደ ልጆቻቸው ይገባል።

በ2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ማቃጠል የክምሩን መጠን ይቀንሳል፤ ብረታቱ ግን በአመዱና በጭስ ማጣሪያው ይቀራሉ። ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ከመጣሉ በፊት ነው።

የባትሪ ድንጋዩን፣ የተቃጠለውን ረጅም አምፖል፣ የተሰበረውን ሞባይል ከምግብ ትርፍራፊ እንለይ። ከተማው የሚረከብበትን ቦታ በየወረዳው ያዘጋጅ። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩ ወጣቶች መለየትን ከማናችንም ቀድመው ያውቁበታል፤ ጓንት፣ ጭንብልና ሕጋዊ ዕውቅና እንስጣቸው። በአትክልት ማሳና በገበያ ያለው አፈር፣ ውኃና ቅጠል በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። በቆሻሻ መጣያ አቅራቢያ የሚያድጉ ሕፃናት ደማቸው ይመርመር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አፈር ውስጥ የገባን ሊድ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው፤ ከሕፃን አንጎል ያጠፋውንም መመለስ አይቻልም። ከፌስታሉ ማውጣት ግን የአንድ እጅ ሥራ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን እጅ እንድትዘረጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።