እንጨቱ የያዘው ዕድሜ

በቬኒስ ይሠራ የነበረው ቤኔዴቶ ቦርዶኔ የዓለምን ደሴቶች በካርታ የሰበሰበበት «ኢሶላሪዮ» የተሰኘ መጽሐፍ አለው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1528 ታተመ፤ በ1534 እና በ1547ም ተደገመ። አንድ ሌላ እትሙ ላይ ግን ዓመቱ አልተጻፈም። በ2006 አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ብሌር ሄጅስ ይህን ዓመት ፍለጋ የካርታዎቹን መስመሮች መረመረ።

ካርታዎቹ የታተሙት በተቀረጸ እንጨት ነው። አታሚው ያንኑ እንጨት ለዓመታት አስቀምጦ፣ ገበያ ሲያገኝ ቀለም ቀብቶ ያትምበታል። እንጨት ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይሸረፋሉ። የተሸረፈው ቦታ ወረቀቱ ላይ ክፍተት ሆኖ ይወጣል። ሄጅስ የየእትሙን ካርታዎች በዲጂታል ምስል አስተያይቶ ክፍተቶቹን ቆጠረ፤ ዓመቱ በገፋ ቁጥር በዝተው አገኛቸው።

የሥራው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። መስመሩን የሚሰብረው የማተሚያው ጫና ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ እትም መጀመሪያና መጨረሻ የወጡት ቅጂዎች በግልጽ ይለያዩ ነበር። ግን አልሆነም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በእትምና በእትም መካከል ነው። እንጨቱ የሚያረጀው ማንም ሳይነካው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ጭምር ነው ማለት ነው። ክፍተቶቹ የሚናገሩት የቅጂውን ብዛት ሳይሆን ያለፈውን ጊዜ ነው። ዓመታቸው ከታወቀው እትሞች የጭማሪው ፍጥነት ሲሰላ፣ ዓመት የለሹ እትም ወደ 1565 ገደማ አመለከተ። እንደ ሄጅስ በዲ ኤን ኤ ላይ የተጠራቀመውን ለውጥ ቆጥሮ ዝርያዎች መቼ እንደተለያዩ የሚያሰላ ሰው ይህን ማሰቡ ደስ ይላል።

ዘዴው በመዳብ ማተሚያ ሰሌዳም ይሠራል። በመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመሩ ተቦርቡሮ የገባ ስለሆነ አይሰበርም፤ መዳቡ ሲበላና ሲወለወል ግን ቦዩ ይሳሳል፣ የሚታተመውም መስመር ይቀጥናል።

ዘዴው የሚሠራው ያው እንጨት ወይም ያው ሰሌዳ ደጋግሞ ሲያትም ብቻ ነው። በእጅ በተገለበጡት የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ አይሠራም፤ ጸሐፊው እያንዳንዱን መስመር እንደ አዲስ ይጽፋልና። በህትመትም ቢሆን ቀለም ሲበዛ ክፍተት ይደፈናል፤ ሲያንስ የሌለ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ብዙ ቅጂ፣ ብዙ ገጽ ማስተያየት ግድ ነው።

የጥንት ህትመት ምስል የምታነሱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አደራ፦ ገጹን ዘርግታችሁ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጋችሁ አንሱ። ለማሳመር ብላችሁ የተቆራረጠውን መስመር በኮምፒዩተር አትቀጥሉት።