አንገት የሚድነው በባለቤቱ ሥራ ነው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በታክሲና በአውቶቡስ የምንመላለሰውን ሁሉ ስለሚነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም መኪና ከኋላ ሲገጭ በተሳፋሪው አንገት ላይ ስለሚደርሰው ጉዳትና በፊዚዮቴራፒ ስለሚደረግለት ሕክምና ነው።

በመጀመሪያ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ እንመልከት። የቆመ ታክሲ ከኋላው ሲገጭ ወንበሩ የተሳፋሪውን ጀርባ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ራስ ግን ከባድ ስለ ሆነ ወዲያው አይከተልም። የሰው ራስ ክብደት 5 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህን ስል የሰፈሩን ስም ማለቴ አይደለም። ይህን ሸክም የያዙት 7 ትንንሽ አጥንቶች ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የታችኞቹ ወደ ኋላ፣ የላይኞቹ ወደ ፊት ይታጠፋሉ፤ ቀጥሎም ራስ ወደ ፊት ይወረወራል። ፈረንጆች ነገሩን በጅራፍ ምት መስለው የሚጠሩት ስለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ አጥንት አይሰበርም፤ የሚጎዱት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ሕመሙም የሚብሰው በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ሰውየው አንገቱ ይደርቃል፣ ራሱን ያመዋል፣ አንዳንዴም ያዞረዋል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው አንገትን ማስጠምዘዝ ነው። ወጌሾቻችን የወለቀ ክንድ በመመለስ የታወቁ ናቸው፤ ሙያቸውንም አልንቅም። ነገር ግን በአንገት አጥንቶች መካከል ኅብለ ሰረሰር ያልፋልና፣ ሳይመረመር የተጠመዘዘ አንገት ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም አንገትን በኮላር አስሮ ለሳምንታት መተኛት ነው። ቀድሞ ሐኪሞችም ይህን ያዙ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 በካናዳ በኩቤክ ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው የሊቃውንት ቡድን ግን አጥንት ካልተሰበረና ነርቭ ካልተጎዳ በሽተኛው ቶሎ መንቀሳቀስ ይገባዋል ብሎ መከረ። ያልሠራ ጡንቻ ይሰንፋል፤ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል።

ይህ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ማስረጃው በከተማችን ምዕራብ በዘነበወርቅ ይገኛል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በተቋቋመውና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አለርት ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹም አንዱ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የሥጋ ደዌ የክንድን ነርቭ ሲጎዳ ጣቶች ይቆለመማሉ። በህንድ አገር በቬሎር የታወቀው ዶክተር ፖል ብራንድና መሰሎቹ ደኅነኛ ጅማት ከቦታው አንሥተው ለተቆለመሙት ጣቶች የሚያገለግልበትን ቀዶ ሕክምና አዳበሩ። ይሁን እንጂ የሐኪሙ ቢላዋ ብቻውን እጅን አያሠራም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የደረቁት ጣቶች እንዲለሰልሱ ያስፈልጋል። ጀሶው ከወለቀም በኋላ በሽተኛው ጅማቱን አዲሱን ሥራ ማስተማር አለበት፤ ጣቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ ዛሬ ትንሽ፣ ነገም ትንሽ ሲጨምር ይሰነብታል። ፊዚዮቴራፒስቱ አስተማሪ ነው፤ ሠራተኛው ግን በሽተኛው ራሱ ነው።

ስለ አንገትም እውነቱ ይኸው ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ባለሙያው የሚያየን ቢበዛ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነው። የቀሩት በእኛ እጅ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከአደጋው በኋላ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ የአንገት አጥንት መካከሉ በጣም ካመመ፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ወይም ዕድሜው 65 ከደረሰ፣ አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ሐኪም መርምሮ አደገኛ ነገር የለም ካለ ግን ሥራው ወዲያው ይጀመራል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ራስን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር፤ አገጭን በጥቂቱ ወደ ጉሮሮ መሳብ፤ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ኋላ ማቀራረብ፤ ትንሽ ሲሻልም መዳፍን ግንባር ላይ አድርጎ ራስን ሳያንቀሳቅሱ በቀስታ መግፋት ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ከመሥራት በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መሥራት ይበልጣል። መጠነኛ ሕመም ቢሰማ አያስፈራም፤ ሕመሙ ከበረታና እየቆየ ከሄደ ግን መጠኑን መቀነስ ነው። ማስታገሻም በሐኪም ትእዛዝ ቢወሰድ ለእንቅስቃሴው ይረዳል።

መሻሻሉ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ነው። ሕመሙ ከዚያ አልፎ የሚቆይባቸውም አሉ፤ እነርሱን አስመሳይ ማለት ነውር ነው። ራጅ ያላሳየው ሕመም ሐሰት አይደለም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን፣ አንገቱን የታመመ ተማሪ በትምህርት መካከል ተነሥቶ ቢቆም ፈቃዳችሁ ይሁን። እናንተም ጓደኞቼ፣ በመኝታ ክፍላችሁ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ቦርሳውን ያዙለት፤ ነገር ግን አልጋ ላይ አታስቀሩት፤ አብራችሁት ተራመዱ። የራስ መደገፊያ ባለው መኪና የምትቀመጡም ጫፉን ከአናታችሁ ጋር አስተካክሉ።