ልክ ከጉልበት ይቅደም፦ በተሽከርካሪ ጥገና ልዩ መሣሪያዎች ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



ልዩ የጥገና መሣሪያ የሚባለው ተራው ቁልፍ፣ ቡሶላ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ሊሠሩት የማይችሉትን ወይም ዕቃውን ሳይጎዱ የማይጨርሱትን አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። የቶዮታን የጥገና መጽሐፍ የገለጠ ሰው «ኤስ ኤስ ቲ» የሚለውን ምህጻረ ቃል በ09 ከሚጀምር ቁጥር ጋር ደጋግሞ ያገኘዋል፤ ምልክቱ ፋብሪካው ለዚያ ሥራ ብቻ ያዘጋጀው መሣሪያ መኖሩን ያመለክታል። በአዲስ አበባ ጋራዦች ግን ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፍ ሲሆን፣ ሥራውን መዶሻና ስካርፔሎ ይረከቡታል። ልማዱን ከስንፍና ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ አይሆንም፤ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሊፈለግ ይችላል፣ ደንበኛውም መኪናውን ዛሬውኑ ይፈልጋል። ሁሉንም መግዛት ስለማይቻል የሥልጠናው ዋና ጥያቄ የትኛው ይቅደም የሚለው ይሆናል፤ በዚህ ንግግር የተያዘው አቋምም ልክ የሚሰጡ መሣሪያዎች ጉልበት ከሚሰጡት ይቅደሙ የሚል ነው።

ልክ ከሚሰጡት መካከል በጣም የተለመደው፣ በጣምም የተናቀው፣ ቶርክ ሬንች ነው። ቶርክ ማለት ቡሎን ወይም ዳዶ ሲጠብቅ የሚያርፍበት የመጠምዘዝ ኃይል ሲሆን፣ የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው፤ 1 ሜትር በሚረዝም አግድም እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ግራም ቢንጠለጠል የሚገኘው 100 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ለኮሮላ የጎማ ዳዶ ፋብሪካው የወሰነው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በየጎሚስታው በር እንደሚታየው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም የጎማ መፍቻ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ሲቆም ዳዶው ላይ የሚያርፈው 206 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም የታዘዘው እጥፍ መሆኑ ነው። ቡሎኑ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ይበላል፣ የፍሬን ዲስኩም ሊጣመም ይችላል፤ ባለመኪናው ከጊዜ በኋላ ፍሬን ሲይዝ መሪው ቢንቀጠቀጥበት ምክንያቱን ከጎሚስታው ጋር አያያይዘውም።

በቴስታታ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይረቃል። በብዙ ያሪስና ቪትዝ መኪናዎች ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ሲገጠም የቴስታታው ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር በተራ መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ፣ ቀጥሎም እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። በዲግሪ የሚጠብቅበት ምክንያት ቡሎኑ በታወቀ መጠን ተለጥጦ ጓርኒሲዮኑን በሁሉም በኩል በእኩል ኃይል እንዲጫነው ነው፤ ይህን ደግሞ የክንድ ልምድ፣ የሃያ ዓመትም ቢሆን፣ ሊገምተው አይችልም። ቶርክ ሬንች ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ካለ በኋላ «ለማረጋገጥ» ተብሎ አንድ ጊዜ መጨመር ልኩን ያፈርሰዋል፤ የጠበቀ ቡሎን መፍቻ ማድረግም እንዲሁ መሣሪያውን ያበላሸዋል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ሳይመለስ ከተቀመጠ በውስጡ ያለው ሞላ ይደክማል።

ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚሻው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። መለኪያው በካንዴላው ቦታ ይገባል፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ጥግ ይረገጣል፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ያሽከረክረዋል፣ ከዚያም በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት በባር ይነበባል። የጥገና መጻሕፍት የሚሰጡት ቁጥር በጥቅሉ ለባሕር ወለል የቀረበ አየርን መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስስ ከሆነ የሚያምቀውም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ 12 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ የሞተሩ ድካም ሳይሆን የከፍታው ውጤት ነው። መጽሐፉን ብቻ አምኖ «ሞተር ይውረድ» የሚል መካኒክ ባለመኪናውን ላልተገባ ወጪ ይዳርገዋል። አስተማማኙ መንገድ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ሲሆን፣ ቶዮታ በበርካታ ሞተሮቹ ላይ በሲሊንደሮች መካከል ከ1 ባር ያልበለጠ ልዩነት ይፈቅዳል። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይቻላል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ፣ ካልተነቃነቀ ደግሞ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራሉ።

ስለ ስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ ስለሚያነበው መሣሪያ፣ ብዙ ስለተነገረ እዚህ አንድ ነጥብ ይበቃል። ኮዱ የሚናገረው የታየውን ምልክት እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይደለም። «ፒ0171» የሚለው ኮድ የነዳጁ ቅልቅል መሳሳቱን፣ ማለትም ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ማነሱን፣ ይገልጻል፤ መንስኤው ግን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮዱን ብቻ አንብቦ ወደ ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው።

ጉልበት የሚሰጡት መሣሪያዎች፣ ማለትም ኩሽኔታ ማውለቂያው ፑለር፣ መጫኛው ፕሬስና ሞላ ማመቂያው፣ በሌላ ሚዛን ይመዘናሉ። የአገር ውስጥ ብረት ሠራተኛ ለኩሽኔታ የሚሆን ማውለቂያ ቢሠራና ቢሰበር የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ብረቱና ሰዓቱ ነው፤ ያም ሆኖ የዓይን መከላከያ መነጽር አይረሳም። የፊት ሞላ ማመቂያ ግን በማስመሰል የሚሠራ ዕቃ አይደለም። የታመቀ ሞላ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ኃይል በውስጡ ይዞ ስለሚቆይ፣ በሽቦ ታስሮ ወይም በተበየደ መንጠቆ ተይዞ የላይኛው ዳዶ ቢፈታ የሚወረወረው ብረት ሰው ሊገድል ይችላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባትም እንደዚሁ ነው፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆያ ስላልሆነ መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ሳያርፍ ማንም ከሥሩ ሊተኛ አይገባም። ስለሆነም ኃይል አምቆ የሚይዝ መሣሪያ ይገዛል ወይም ይከራያል እንጂ አይፈጠርም የሚለው ድንበር ቢከበር ይበጃል።

በግቢው ለሚሠራ ባለመኪና ሁለት ጠንካራ መቆሚያ፣ አንድ ቶርክ ሬንች፣ አንድ መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልትንና የመስመር መቋረጥን መለኪያ፣ ከአንድ ቀላል ስካነር ጋር ይበቁታል፤ ሞላ ማመቂያና ፕሬስ የሚጠይቅ ሥራ የጋራዥ ሥራ ነው። ለጋራዦቹም ቢሆን በአንድ ሰፈር ያሉ አምስት ወይም ስድስት ባለቤቶች ውዶቹን መሣሪያዎች በጋራ ገዝተው በመዝገብ ቢዋዋሱ ከባድ አይሆንም፤ ዕቁብ ለሚያውቅ ነጋዴ አሠራሩ እንግዳ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሏ የኤሌክትሪክ መኪና ወደየጋራዡ መምጣቱ አይቀሬ ሆኗል። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ስለሚይዝ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ያለ 1,000 ቮልት መከላከያ ጓንትና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ እጀታ ያለው መፍቻ አይነኩም። ጓንቱ ከመጠለቁ በፊት በአየር ተነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይታያል፤ የባትሪው ማቋረጫ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮች ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወርድ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያም ቮልቱ ዜሮ መሆኑ ለዚሁ ቮልት በተሠራ መለኪያ ይረጋገጣል። ከዚህ መለኪያ በፊት የሚነሣ ቁልፍ የለም።

በሥልጠናው ቀናት እያንዳንዱ ተሳታፊ በእጁ ያለውን ቶርክ ሬንችና የኮምፕሬሽን መለኪያ ይዞ እንዲመጣና ከማሠልጠኛው መሣሪያ ጋር እንዲያስተያየው፣ የጋራዥ ባለቤቶችም የጋራ ግዢውን ሐሳብ ከመለያየታቸው በፊት እንዲመክሩበት በአክብሮት ይጠየቃሉ። ሥልጠናው ከዚህ ሰዓት ጀምሮ በይፋ ተከፍቷል።