ከመርፌው በኋላ የሚመጣው መንዘፍዘፍ

በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የያዘው ሰው ፔኒሲሊን በተወጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ብዙዎች መርፌውን ይወቅሳሉ፤ ያለ ጥፋቱ።

የበሽታው ተህዋሲ በመድኃኒቱ ሲሞት ነጭ የደም ሴሎች የላይ ሽፋኑን ፕሮቲን ያገኙታል። ያኔ በአስኳላቸው ውስጥ ያለ አንድ ጂን ይነቃል፤ ትእዛዙ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ቲ ኤን ኤፍ የተባለ የጥሪ ፕሮቲን ተሠርቶ ደም ውስጥ ይለቀቃል። ጥሪው ሲበዛ ትኩሳት ይንራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል።

ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ጥናት፣ ቲ ኤን ኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ቀድመው ከወሰዱ 20 ሕሙማን 10ሩ ተንዘፈዘፉ፤ ካልወሰዱት 29 ግን 26ቱ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ መርፌውን አትፍሩ፤ ከተወጋችሁ በኋላ ግን ቶሎ ወደ ቤት አትሂዱ፣ ጤና ጣቢያው ቆዩ።