ጓዳውንም ፎቶ እናንሳው



ከመካከላችን የአንዷ እናት ያረፉ ዕለት ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ፎቶ ፈለግን። የመስከረም 16 ደመራ፣ ጥምቀት፣ የልጆች ልደት፣ ሁሉም በየስልካችን ሞልቷል። እሳቸው ግን የሉም። ለፋሲካ የዶሮውን 12 ብልት ሲያወጡ ጓዳ ገብቶ ያነሳቸው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የመታወቂያቸውን ጉርድ ፎቶ አሳድገን ሰቀልን። ያ ኮስታራ ፊት የሳቂታዋን እናታችንን አይመስልም ነበር።

ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ በዕለቱ ያልተመዘገበ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። ፎቶም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በዓል ሲመጣ ከመሶቡ በፊት ጓዳውን ማንሳት ጀምረናል። ሽንኩርት የምትከትፈውን፣ ቡና የምትቆላዋን፣ ፈቃዷን ጠይቀን እናነሳለን። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም፤ የተወሰኑትን አሳጥበን ከጀርባቸው ስምና ቀን እንጽፋለን። «ኧረ ልብሴን ልቀይር!» የምትል እህት ካለች፣ ልጆቿ ነገ የሚናፍቋት በዚያው ሽርጧ መሆኑን እንንገራት።

አሁንም ቡናው ሊፈላ ነው። ጀበናውን የያዘችውን እህታችንን ማን ያነሳልናል?