ማድሪድ ሳይሄዱ ስፓኒሽ



የሰሜን ተራሮችን ለእንግዳ የሚያስጎበኙ ወጣቶች ስፓኒሽ መማር ይፈልጋሉ። ስፔን ካልሄድን አይሆንም ብለው የሚተዉት ግን ብዙዎች ናቸው። ይህ ሐሳብ ትክክል አይደለም፤ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል።

ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ተማርኮ በየመን ለዓመታት ታሰረ፤ ዐረብኛን የተማረው እዚያ ነው። በ1603 አገራችን ገብቶ ግዕዝና አማርኛ አጠና፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። የሃይማኖት ተልእኮው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ያስከተለው ደም መፋሰስ ዛሬም ያሳዝነኛል። የቋንቋ ትጋቱ ግን አይካድም።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ደግሞ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ግዕዝን ከመጽሐፍ ጀመረ፤ በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ሲገናኝ ግን ያነበበውን ቋንቋ መናገር አቃተው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በጀርመን ወዳለው የጎታ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄዱ፤ ሁለቱ ለወራት አብረው ተቀምጠው አጠኑ። ሉዶልፍ ከእሳቸው በተማረው መሠረት በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የእኒህ መምህር ስም በትምህርት ቤቶቻችን በክብር ሊነገር ይገባል።

ፓኤዝ በአገሬው ሰው ተከቦ ተማረ፤ ሉዶልፍ በአንድ ሰው ፊት ተቀመጠ። ለሁለቱም የጠቀማቸው ሲናገሩ የሚሰማቸውና የሚያርማቸው ሰው ማግኘታቸው ነው። ማድሪድ ሄዶ ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ የሚውል ሰው ይህን አያገኝም።

ይህን ለማየት የቅኔ ጉባኤዎቻችንንም ተመልከቱ። ግዕዝ የሚነገርበት መንደር የለም። ተማሪው ግን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። በዚህ መንገድ ማንም በማይጨዋወትበት ቋንቋ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይወለዳል።

ስለዚህ አስጎብኚዎች ሆይ፣ ሰዋስውን እዚሁ ጀምሩ። በተራሮቹ ውስጥ ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅ ስትጓዙ ስፓኒሽ ተናጋሪ እንግዳ ካገኛችሁ በእንግሊዝኛ አትሸሹት፤ ስሳሳት አርመኝ በሉት። መምህራን፣ የቋንቋው ክፍለ ጊዜ ግማሹ ለንግግር ይሁን፤ የሚሳሳት ልጅ አይሳቅበት። የመጓዝ ዕድል የሚገጥማችሁም ተዘጋጅታችሁ ሂዱ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር የደረሰው አስቀድሞ ግዕዝን ከሉዶልፍ መጻሕፍት አጥንቶ ነው።