በበረዶው ዘመን መካከል ስለ ተነሣው አጭር ሙቀት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር እጅግ በራቀ ዘመን የተደረገ ነው፤ ይሁን እንጂ ከጣናችንና ከዓባያችን ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሩቅ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

ምድር እጅግ የበረደችበት ረዥም ዘመን እንደ ነበረ በትምህርት መጻሕፍት ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ እርሱንም የበረዶ ዘመን ይሉታል። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከ115,000 ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ከ11,700 ዓመት በፊት አበቃ። ብርዱ ከሁሉ በበረታበት ጊዜ፥ ይኸውም ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ፥ ዛሬ ስዊድን፥ ኖርዌና ፊንላንድ የሚባሉት አገሮች፥ ካናዳም በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን፥ ውፍረቱ በሺሕ ሜትር በሚቈጠር በረዶ ተከድነው ነበር። ያ ሁሉ በረዶ ከባሕር ተንኖ የወጣ ውሃ ስለ ነበረ፥ የባሕሩ ፊት ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። በእኛም አገር በስሜንና በባሌ ተራሮች ራስ ላይ በረዶ ረግቶ ይኖር ነበር፤ በረዶው ቍልቍል ሲንሸራተት እየገፋ ያወረደው የድንጋይ ክምር እስከ ዛሬ በቦታው አለ።

ይህን የሰማ ሰው ያ ዘመን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ብርድ የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በብርዱ መካከል 25 ጊዜ ያህል ድንገት ሞቅ እያለ ተመልሶ ይበርድ ነበር። እኔ የምነግራችሁ ስለ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ እርሱም ከ14,700 ዓመት በፊት ተነሥቶ፥ 1,800 ዓመት ያህል ቈይቶ፥ ከ12,900 ዓመት በፊት ገደማ ጠፋ። ሊቃውንት የቦሊንግና የአለሮድ ጊዜ ብለው ይጠሩታል። ስሙ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ቦሊንግ በዴንማርክ አገር ያለ ሐይቅ ነው፤ አለሮድም በዚያው አገር ያለ መንደር ነው።

በአለሮድ ለጡብ መሥሪያ የሚሆን ጭቃ የሚቈፈርበት ጕድጓድ ነበረ። በፈረንጅ ቍጥር በ1901 ዓ.ም. ሃርትዝና ሚልተርስ የሚባሉ ሁለት የዴንማርክ ሊቃውንት የጕድጓዱን ግድግዳ መርምረው ያገኙትን ጻፉ። ከታች ጭቃ አለ፤ በውስጡም ድሪያስ የምትባል ስምንት ነጭ ቅጠለ አበባ ያላት የብርድ አገር ትንሽ ተክል ቅጠሏ ተቀብሮ ይገኛል። ከዚያ በላይ የበርች ዛፍ ፍርፋሪ ያለበት ጠቈር ያለ ድርድር ተነጥፏል፤ በርች ማለት ቅርፊቱ ነጭ የሆነ የሰሜን አገር ዛፍ ነው። ከእርሱም በላይ እንደ ገና ጭቃ አለ፤ ድሪያስም ተመልሳ ትታያለች። እንግዲህ ነገሩ የተገለጠ ነው፤ ዛፍ በማይበቅልበት ብርድ ላይ ዛፍ የሚያበቅል ሙቀት መጣ፤ በሙቀቱም ላይ ብርዱ ተመለሰበት። በብራና መጽሐፍ ላይ የታችኛው መስመር ሳይነበብ የላይኛው እንደማይተረጐም፥ እነዚህም ሰዎች ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ አነበቡት። ጡብ ሠሪዎቹ ያንኑ ግድግዳ በየቀኑ ያዩት ነበር፤ መጠየቅ ግን ከማየት የተለየ ሥራ ነው።

ጭቃው ሙቀት እንደ ነበረ ተናገረ እንጂ በስንት ዓመት እንደ መጣ በትክክል አልተናገረም። ይህን የተናገረው የግሪንላንድ በረዶ ነው። ግሪንላንድ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለች ታላቅ ደሴት ናት፤ የዓመቱ በረዶ ሳይቀልጥ የሚመጣው ዓመት በረዶ ይጫነዋል፤ እንዲህ እየተደራረበ ከ3,000 ሜትር በላይ ወፍሯል። አሜሪካኖች በፈረንጅ ቍጥር በ1966 ዓ.ም. በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው 1,387 ሜትር ወርደው መሬቱን አገኙት፤ እንደ ዘንግ የወጣውንም በረዶ ዊሊ ዳንስጎርድ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ መረመረው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ቦታ 3,085 ሜትር የሚሆን ዘንግ ወጣ።

ከበረዶ ላይ የጥንቱ አየር ብርድና ሙቀት እንዴት ይታወቃል ቢሉ፥ ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው፤ ከኦክስጅኑም አብዛኛው ቀላል፥ ጥቂቱ ከበድ ያለ ነው። አየሩ እጅግ ሲበርድ፥ ከባዱን የያዘው ውሃ ደመናው ግሪንላንድ ሳይደርስ በመንገድ ዘንቦ ይቀንሳል። ስለዚህ ከባዱ ያነሰበት በረዶ የብርድ ዘመን፥ ከባዱ የበዛበት የሙቀት ዘመን ምስክር ነው። ዓመቱም የሚቈጠረው፥ በየዓመቱ በጸደይ ጊዜ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ በበረዶው ላይ ምልክት እየተወ ስለሚያልፍ ነው፤ 14,700 በተባለው ቍጥር ላይ ስሕተቱ ወደ 200 ዓመት ቢደርስ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፥ የቦሊንግ ሙቀት በተነሣ ጊዜ ግሪንላንድ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ሞቀች። ልብ በሉ፤ ይህ በሺሕ ዓመት የተደረገ አይደለም። በብርዱ የተወለደ ልጅ ሳያረጅ በሌላ አየር ይኖር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከሽማግሎች አንዱ፥ «ከአዳም እስከ ዛሬ 7,500 ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው ብለን ተምረናል፤ ይህ 14,700 ከወዴት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መምህሩ እንዳይሥቅበት እለምናለሁ። እኔም ባሕረ ሐሳብ የተማርሁ ነኝ። አበቅቴና መጥቅዕ የተሠሩት በዓልንና ጾምን በጊዜው ለማቆም ነው፤ ሥራቸውንም እስከ ዛሬ ይፈጽማሉ። የበረዶው ቍጥር ግን የሚነሣው ከበረዶው ነው፤ አንዱን ድርድር ከሌላው ለይቶ መቍጠር ነው። ስለዚህ መምህሩ ቍጥሩን ብቻ አይናገር፤ እንዴት እንደ ተቈጠረ ያሳይ፤ ሽማግሌውም ራሱ ይመዝነው። በእኔ ፍርድ፥ አቈጣጠሩ ሳይነገረው ቍጥሩን እመን የተባለ ሰው አልተማረም።

የሙቀቱ ምክንያት ምን ነበር ቢሉ፥ አብዛኞቹ ሊቃውንት የአትላንቲክን ውቅያኖስ ያነሣሉ። በዚያ ባሕር ሞቃት ውሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ በሰሜን ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ጨዋማና ቀዝቃዛ ውሃ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ጥልቁ ሰምጦ በታች በኩል ይመለሳል። መምህራን የጨው ውሃ ከባድ መሆኑን ለልጆች ለማሳየት ሁለት ብርጭቆና ሁለት እንቍላል ይበቃቸዋል፤ እንቍላሉ በንጹሑ ውሃ ይሰምጣል፥ ጨው በበዛበት ይንሳፈፋል። እንግዲህ የቀለጠ በረዶ በብዛት ወደ ሰሜን ባሕር ሲገባ ጨውነቱ ይሣሣል፤ ውሃው መስመጥ ይተዋል፤ ጕዞው ይደክማል፤ ሰሜንም ይበርዳል። ጕዞው ድንገት ሲበረታ ደግሞ ሙቀቱ ይመለሳል። በቦሊንግ መጀመሪያ የሆነው ይህ ነው። በዚያው ጊዜም ብዙ በረዶ ቀልጦ፥ ባሕር በ500 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ15 ሜትር ያላነሰ ከፍ አለ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የባሕሩ ጕዞ ሲደክም በሰሜን የሚበርደው ብቻ አይደለም፤ የዝናቡም መንገድ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ የእኛም ክረምት ይሣሣል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከሁሉ ጥልቅ የሆነው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ሊቃውንት ከሐይቁ ወለል ጭቃ አውጥተው መርምረው በፈረንጅ ቍጥር በ2007 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ ከቦሊንግ ሙቀት በፊት በነበረው የብርድ ጊዜ ጣና ደርቆ ነበር። ሐይቁ ከነበረበትም ረግረግ ነበረ። ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ውሃው መመለስ ጀመረ፤ ከ14,700 ዓመት በፊት ገደማም ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ግሪንላንድ የሞቀችበትና ጣና የፈሰሰበት ዘመን አንድ መሆኑን ተመልከቱ! በዚያው ወራት ቪክቶርያ የሚባለው ሐይቅም ደርቆ ሳለ ሞላ፤ ዛሬ አሸዋ የሆነው የሰሐራ በረሓም ሣርና ሐይቅ ማብቀልና መያዝ ጀመረ። ዓባይ ከጥንት ጀምሮ ሳያቋርጥ ከጣና እንደ ፈሰሰ ስንናገር የኖርን ሰዎች ይህን መስማት ይገባናል።

በአውሮጳ በዚያ ሙቀት ጊዜ ጫካ ወደ ሰሜን ገፋ፤ አራዊትም ተከተሉት። በአየርላንድ የቀንዱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ከግማሽ የሚደርስ ታላቅ አጋዘን በሜዳው በዛ። በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ፥ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ፥ በፈረንጅ ቍጥር በ1914 ዓ.ም. አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከአንድ ውሻ ጋራ ተቀብረው ተገኙ፤ መቃብሩ 14,000 ዓመት ያለፈው ነው። ውሻው ቡችላ ሳለ በጽኑ ታሞ እንደ ነበረ ጥርሱ ይመሰክራል፤ ሰው ካላስታመመው ያን ያህል አይቈይም ነበር ይላሉ።

ከ12,900 ዓመት በፊት ገደማ ብርዱ ተመለሰ። ያ ሁለተኛው ብርድ ከ1,000 ዓመት በላይ ቈየ፤ በአየርላንድ ታላቁ አጋዘን ጠፋ፤ በአለሮድ ድሪያስ ተመለሰች፤ በአፍሪቃም ምሥራቅ ዝናብ ጐደለ። ከ11,700 ዓመት በፊት ሙቀቱ እንደ ገና ተነሣ፤ የእኛም ዘመን ከዚያ ይጀምራል።

የዛሬውስ ሙቀት ከዚያ ወገን ነውን የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አይደለም። የዚያን ጊዜው በአብዛኛው የባሕሩ ጕዞ ሙቀትን ከአንዱ የምድር ክፍል ወደ ሌላው ማዛወሩ ነበር፤ በሰሜን ሲሞቅ በደቡብ ዋልታ በኩል ይቀዘቅዝ ነበር። የዛሬው ግን ምድርን በሙሉ የሚያሞቅ ነው፤ ምክንያቱም ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ጪስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ፋብሪካ ሳይበዛ በፊት ይህ አየር ከሚሊዮን 280 እጅ ነበረ፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይሁን እንጂ የዱሮው ነገር አንድ ነገር ያስረዳናል፤ አየር በዝግታ ብቻ ይለወጣል የሚለው አሳብ ሐሰት ነው።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት በሰሌዳ ብቻ አትጨርሱት። በየመንደሩ ጐርፍ የቈረጠው ገደል አይጠፋም። በበጋ ልጆቹን ወደዚያ አውርዱ፤ እንዳይናድባቸው ግን ራቅ ብለው ይቁሙ። ጥቍሩን፥ ቀዩን፥ ጠጠር ያለበትን ድርድር እየለዩ ከታች ወደ ላይ ይጻፉ። ከሽማግሎችም አንዱ አብሯችሁ ቢወርድ መልካም ነው፤ ታላቁ ጐርፍ በየትኛው ዓመት እንደ መጣና የላይኛውን ጠጠር ማን እንዳመጣው እርሱ ሊነግራቸው ይችላል፤ ከእርሱ ትዝታ በታች ያለውን ግን ልጆቹ ራሳቸው ይቍጠሩት።